አላስካ ያሏቸው እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰው አይደለም። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ሳገላብጥ፣ ቲን ካቡስ የሚባለው የሮክ ባንድ ገጽ ላይ ፎቷቸውን አየሁ። መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቷል፤ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገዋል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ደህና ሁኚ አላስካ፤ ብሬድ ሌዲያችን፣ ሁሌም የፊት መስመር ላይ ነሽ» ይላል። ቀጥሎ የተሰበረ ልብ፣ የጊታርና የዳቦ ምስሎች ተደርድረዋል።

ስማቸው አላስካ አይደለም፤ አስካለ ነው። ያንን የጻፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስም ለማጣራት የምትፈጀውን ግማሽ ደቂቃ ነፍጓቸዋል።

ልጃቸው ሩት ጋ ደወልኩ።

«ሶሪ ትዕግስት፤» አለችኝ፣ ድምፅዋ ተዘግቷል። «ኮል ላደርግልሽ ነበር። ግን... አይ ዶንት ኖው። ፖስት ሳደርገው እነሱ ቀድመውሽ አዩት።»

እናቷ ቅዳሜ ጠዋት በልብ ሕመም እንዳረፉ፣ ቀብሩም ትናንት እንደነበረ ነገረችኝ። ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ቆሜ አብሬያቸው ከሠራሁት ሴት ቀብር ቀረሁ ማለት ነው። ሩት ለምን እንዳልጠራችኝ ግን አልጠየቅኋትም። አውቀዋለሁ።

እትዬ አስካለን የተዋወቅኋቸው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ኦግደን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የጭነት ባቡሮች ከሚቆሙበት ግቢ ማዶ ባለ አንድ ትልቅ ላውንድሪ ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ በመተኮሻው ማሽን አልፎ ይታጠፋል። አዲስ ስገባ ከእሳቸው ጋር አጣመሩኝ። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ነበሩ። ጸጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ ከዩኒፎርማቸው ሥር ጥቁር ቲሸርት ለብሰው፣ በአንድ ጆሯቸው ኢርፎን ሰክተዋል። መዝሙር የሚሰሙ ነበር የመሰለኝ።

«የማን መዝሙር ነው እትዬ?» አልኳቸው።

ኢርፎኑን ነቅለው ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከበሮ፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህ ሰው። ደንግጬ ቀና ስል ፈገግ ብለዋል።

«ይሄ መግቢያው ነው። ታገሺ፤ ከበሮው ሲመለስ ይገባሻል።»

ቲን ካቡስ የካልጋሪ ባንድ ነው። ካቡስ ማለት ድሮ ከጭነት ባቡር ጅራት ላይ ትቀጠል የነበረች ትንሽ ፉርጎ ናት። ዘፈኖቻቸውም ስለ ባቡር፣ ስለ በረዶና ሠራተኛ ስለ በተነ ፋብሪካ ናቸው። እትዬ አስካለ ያልያዙት አልበም፣ ያልሸመደዱት ግጥም አልነበረም። ባንዱ በሚጫወትበት ቀን ሺፍት ይቀያይራሉ፣ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው በር ላይ ይሰለፋሉ። ኤድመንተን፣ ሳስካቱን፣ ሬጃይና ድረስ በአውቶቡስ ሄደዋል። ከፊት ካልቆሙ አይሆንላቸውም። እንደ ልባቸው መተቸትም ይችሉ ነበር። «ዛሬ ቤዝ የሚመታው ልጅ ተኝቷል» ይላሉ፣ ወይም «አራተኛውን አልበም አትስሚው፤ ሰው ሁሉ ጎበዞች ናችሁ ሲላቸው የሠሩት ነው»።

እንግሊዝኛቸው ከዘፈኖቹ የተለቀመ ነው። አንድ የበረዶ ጠዋት አርፍደው ሲገቡ ሱፐርቫይዘሩ ምክንያት ጠየቃቸው። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «መንገዱ ነጭ ለብሶ ነበር፤ እኔ ግን መምጣቴን አላቆምኩም» አሉት በእንግሊዝኛ። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። የሁለተኛው አልበም ሦስተኛ ዘፈን መሆኑን እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ኢርፎናቸውን ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። «እነሱንም እጾማለሁ» ይሉ ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ማሽኑ አጠገብ ዝም። ከፋሲካ ማግስት ሥራ ስንገባ ግን ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ከበሮው ይሰማኛል። አንድ ቄስ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰይጣን ሙዚቃ ትሰማለች የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው ገሥጸዋቸው ነበር። «ስለ ባቡር ነው የሚዘፍኑት፣ አባ። ሰይጣን ባቡር አለው እንዴ?» አሉ ተብሎ ቤተክርስቲያኑ ሁሉ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። በእሳቸው ላይ የሚሳቀው ግን ሁልጊዜ እንዲህ በፍቅር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብዬ የጠየቅኋቸው ከተዋወቅን ከዓመት በኋላ ነው። የምሳ ሰዓት ነበር፤ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠን ነገሩኝ።

ካልጋሪ በመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ ባላቸው ጥሏቸው ቶሮንቶ ከሄደ በኋላ፣ ቤልትላይን ሰፈር ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት በጠዋት ያጸዱ ነበር። ጠዋት ቤቱ ባዶ ስለሆነ ባለቤቱ ለአራት ወጣቶች መለማመጃ ፈቅዶላቸዋል። ልጆቹ ገና ስም እንኳ አላወጡም። እሳቸው ወለሉን ይወለውላሉ፣ እነሱ ይጫወታሉ። ከቤታቸው ጥቁር አዝሙድ ያለው ዳቦ ይዘው ይሄዱና አምስት ላይ ቆርጠው አብረው ይበላሉ። አንድ ጠዋት ዘፋኙ ዳረን አዲስ ዘፈን ጨርሶ፣ ሌላ ሰው ስለሌለ ወደ እሳቸው ዞረና፣ «ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። መወልወያውን ተደግፈው አሰቡ። ከሚያውቋት ጥቂት እንግሊዝኛ የመጣችላቸው ቃል «አጌን» የምትል ነበረች። ልጆቹ ስቀው ደገሙት። «አጌን» አሉ እንደገና። አራት ጊዜ አስደገሟቸው። በኋላ ያ ዘፈን አገር ምድሩን አዳርሶ ባንዱን ባንድ አደረገው።

«ያን ጊዜ እዚህ አገር የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ሁሉም የሚያዘኝ ነው። እዚህ ፈርሚ፣ እዚያ ቁሚ፣ ይሄን ጥረጊ። ጥሩ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ያ ልጅ ነው። የመጀመሪያው።»

«ታዲያ ለምን ሄደው እኔ ነኝ አይሏቸውም?»

«ሥራ ላይ ናቸው እኮ! ሰው ሥራው ላይ ሳለ ዳቦ አብልቼህ ነበር ይባላል? ከፊት እየቆምኩ ነው። አንድ ቀን ራሳቸው ያዩኛል።»

ማንም አላመናቸውም። የቤተክርስቲያን ሴቶች «አስካለ ያሳደገቻቸው ፈረንጆች» እያሉ ይሳለቁ ነበር። ሩትም ከልጅነቷ ጀምሮ «እማዬ ፕሊስ፣ ጓደኞቼ ፊት ያንን ስቶሪ አትንገሪ» ትላቸው እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። ሩት እዚሁ የተወለደች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት፤ እናቷን ትወዳለች፣ ግን ታፍርባቸው ነበር። እኔም ብሆን ያመንኩት በግማሽ ልቤ ነው። ብቸኛ ሴት ናቸው፣ ትንሽ ነገር አይተው አሳድገውት ይሆናል እል ነበር ለራሴ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንሶላ እያጠፉ ያንን ዘፈን ሲያንጎራጉሩ፣ ከበሮው ሲመለስ ትከሻቸው ብቻውን እስክስታ መምታት ጀመረ። አንሶላው አልተሸበሸበም፣ እጃቸው ሥራውን አላቋረጠም። በጣም ያምር ስለነበር ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኳቸው። ሳልጠይቃቸው ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቀን የማላውቀው አገር ሰው ሁሉ ይጽፍልኝ ጀመር።

ሳሳያቸው መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። «ሳትጠይቂኝ?» አሉ። ይቅርታ ብዬ ላጠፋው ስል ከባንዱ ቢሮ መልእክት መጣ፤ ሐምሌ ላይ በሚዘጋጀው የአደባባይ ዝግጅት መድረክ ላይ ሊጋብዟቸው ይፈልጋሉ። በአማርኛ አነበብኩላቸው። ሁለተኛ አስነበቡኝ። ከዚያ ያጠፉትን አንሶላ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ።

«አዩኝ፤» አሉ በቀስታ።

በመድረኩ ላይ የሚናገሩትን ሁለት ሳምንት ተዘጋጁበት። በአማርኛ አሰናድተውት ነበር፤ ከመጠጥ ቤቱ ጠዋት ይጀምራል፣ ዳረን የጠየቃቸውን ያነሳል፣ ስለጠየቅኸኝ አመሰግንሃለሁ ብሎ ያበቃል። ወደ እንግሊዝኛ እንድመልሰው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ አዋቂ ሆኜ ቆራረጥኩት።

«እትዬ፣ ይሄ በጣም ይረዝማል። ሾርት መሆን አለበት። መጀመሪያ ‹አይ አም ዘ ብሬድ ሌዲ› ይበሉት። እሱ ያስታውሳል፣ ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል።»

«የዳቦዋ ሴትዮ በሉኝ ማለቴ አይሆንም?»

«በእንግሊዝኛ ያምራል» አልኳቸው።

በዓመታዊው የካውቦይ በዓል፣ ከተማው በሙሉ የካውቦይ ባርኔጣ በሚያደርግበት ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሩት ጋር ሦስታችንም ሄድን። ጥቁር ቲሸርታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ሩት ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስታነሳቸው ነበር፤ «ማይ ማም!» ትላለች ላየችው ሰው ሁሉ። እንዲያ ስትኮራባቸው ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስት ዘፈን እንዳለፈ አንዲት ልጅ መጥታ እትዬ አስካለን በደረጃው ይዛቸው ወጣች።

«የቪዲዮዋ ኮከብ!» አለ ዳረን በማይኩ። ሕዝቡ ጮኸ። «ስምሽን ንገሪን!»

«አስካለ።»

«አላስካ! ከአላስካ ድረስ መጥታልናለች!»

ሳቅ ሆነ። እሳቸውም ያልገባቸው መስለው ፈገግ አሉና ወደ ማይኩ ጠጋ ብለው፣ እንዳስጠናኋቸው፣ አንድ በአንድ «አይ አም ዘ ብሬድ ሌዲ» አሉ።

ዳረን አተኩሮ አያቸው። ዓይን ለዓይን። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ዘ ብሬድ ሌዲ! ሰምታችኋል? ዳቦ ይዛልን መጥታለች! ማነው የራበው?»

ከኋላ አንዱ «ብሬድ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ሜዳው በሙሉ እያጨበጨበ «ብሬድ! ብሬድ! ብሬድ!» ማለት ጀመረ። እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፍተው ለመቀጠል ሞከሩ፤ «ሞርኒንግ... ዩ አስክ ሚ...» ሲሉ ከንፈራቸውን አየሁ፣ ማይኩ ግን ዳረን እጅ ነበር። እሱ በትከሻው ምልክት እያሳያቸው ጭፈራውን እንዲያሳዩ ይጠይቃቸዋል።

እኔም ጮህኩ። ስልኬን ከፍ አድርጌ እየቀረጽኩ፣ ከሕዝቡ ጋር «ብሬድ! ብሬድ!» አልኩ። የወደዷቸው መስሎኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እውነቱ ግን ሕዝቡ ይዞኝ ሄዶ ነበር፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ሩት ክንዴን ይዛ እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀችኝ።

«ስቶፕ ኢት! ልታወራ እየሞከረች ነው እኮ!»

እትዬ አስካለ አልጨፈሩም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፣ ለዳረን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሱ፣ ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ የተለየ ነገር የተፈጠረ አልመሰለውም። ቀጣዩ ዘፈን ተጀመረ።

በመኪናዬ ተመለስን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ናቸው፣ ሩት ከኋላ ታለቅሳለች።

«ረስቶኛል፤» አሉ በመጨረሻ። «ይረሳል። ስንቱ የሚያጨበጭብለት ልጅ ወለል የምትወለውል ሴት በምን ያስታውሳል። መርሳት በደል አይደለም።» ቀጥለውም በመስኮቱ እያዩ፣ «አንቺንም ሰማሁሽ፣ ትዕግስት። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅሽን ለየሁት» አሉ።

ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። አረንጓዴ መብራት በራና ነዳሁ።

ከወር በኋላ በላውንድሪው አድራሻ ካርቶን መጣላቸው። ባንዱ አዲስ ያሳተመው ቲሸርት ነው፤ ነጠላ የለበሰች፣ ጥርሷ የገጠጠ፣ ራሷ ላይ ዳቦ የተሸከመች ሴት ሥዕል አለበት። ሃያ ፍሬ፣ በስጦታ። እትዬ አስካለ አንዱን አንስተው ፊትና ኋላውን አዩት። ከዚያ በምሳ ሰዓታቸው የጨርቅ መቀሱን ይዘው ተቀመጡና ሁሉንም እኩል በእኩል ቆራርጠው ማሽን መወልወያ አደረጓቸው። ሱፐርቫይዘሩ ምን እየሠራሽ ነው ሲላቸው ጨርቁን በእጃቸው አሽተው አሳዩት።

«ጉድ ኮተን፤» አሉት። «ውሃ ይጠጣል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ኢርፎን ጆሯቸው ላይ ታይቶ አያውቅም። ጾም ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ማሽኑ ብቻ ይጮኻል። ምግቤን መብላቴን ይጠይቁኛል፣ ጋሪውን ያግዙኛል፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። አልቻልኩምና ሺፍት ቀየርኩ። የእስክስታውንም ቪዲዮ ያን ሰሞን አጠፋሁት፣ ግን ሌሎች ሺህ ቦታ ገልብጠውት ኖሯል። ሆስፒታል ሲገቡ አንድ ጊዜ ሄጄ አየኋቸው። ስለ አንሶላው አወራን። አልጋቸው ላይ የተነጠፈውን እየዳሰሱ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ አተኳኮሱ ያስታውቃል» አሉኝ። ያኔም ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ሌላ ቀን አለ ብዬ ነበር።

መሞታቸውን በሰማሁ በተከታዩ እሑድ ለቅሶ ለመድረስ ሩት ቤት ሄድኩ፤ ኢንተርናሽናል አቬኑ አጠገብ ነው። ሴቶቹ ተቀምጠዋል፣ ያው የሚሳለቁባቸው ሴቶች፣ ዛሬ ሁሉም የቅርብ ወዳጅ ናቸው። ሩት ገብታ ትወጣለች። እኔ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽበታም ፈረንጅ አንኳኩቶ ገባ። የጫማ ክምሩን አይቶ ጫማውን አወለቀና ግራ ተጋብቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ኮሊን እንደሚባል ነገረኝ። የባንዱ የመጀመሪያ ከበሮ መቺ ነበር፤ ትከሻው ታሞ ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው፣ አሁን የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

«ፖስቱን አይቼ ነው፤» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚያ መድረክ ላይ የተደረገውንም በቪዲዮ አይቼዋለሁ። የዚያኑ ቀን ዳረን ጋ ደወልኩ። አላወቅካትም ወይ አልኩት። ‹ገና ደረጃውን ስትወጣ ነው ያወቅኋት› አለኝ። ‹ግን ረጅም ታሪክ ነው፤ ሕዝቡ የመጣው ስለ ጽዳት ሠራተኛ ሊሰማ አይደለም፣ ሊስቅ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገርኩትም። መጥቼ ልነግራት አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል...»

ሳይጨርስ ሩት ሻይ ይዛ መጣች። እንግዳውን አይታ ማንነቱን ጠየቀችው። ኮሊን ብድግ አለ።

«ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከናትሽ ጋር ጠዋት ጠዋት... እኛ ስንለማመድ እሷ ታጸዳ ነበር። አንቺም ነበርሽ። ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ስለነበር ከባሩ ጀርባ በጋሪ ትደብቅሽ ነበር። የእኔን የጆሮ መከላከያ ነበር ጭንቅላትሽ ላይ የምናጠልቀው። አፍንጫሽ ድረስ ይወርድ ነበር።»

ሩት ትሪውን እንደያዘች ቀረች።

«ኢት ዋዝ ትሩ?» አለች። «ሁሉም? የዳቦው? ጥሩ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት?»

«ሁሉም» አላት ኮሊን።

ሩት ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና እዚያው ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ እሱን ሳይሆን እኔን አየችኝ።

«ታዲያ ዳረን ለምን ምንም አላለም? እዚያ አጠገቡ ቆማ?»

ኮሊን ዞሮ አየኝ። ሴቶቹም ወደ እኔ ዞሩ።

«ረስቷቸው ነው» አልኳት በአማርኛ።

አመነችኝ።